በጣት ብቻ የታሰረች ብሎን

ባለፈው ቅዳሜ ጄኔቫ ዳር ቶኔ፣ አባቴ ቤት፣ የራዲዮ ባትሪ ስፈልግ አንዲት የነሐስ ብሎን አገኘሁ። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቁልፎችና ከደረቁ እስክሪብቶዎች ሥር፣ በቁራጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣ ነበር። ጨርቁን ስፈታው ሽታው ቀድሞ መጣ፣ ወይም የመጣ መሰለኝ፤ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው የተቃጠለ ባሩድ ሽታ። ከዚያ ብሎኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋኋት። ጭንቅላቷ ላይ የሞረድ ጭረት አለ። በሃያ አንድ ዓመቴ፣ ዙሪክ ውስጥ፣ በገዛ እጄ ቆርጬ የሞረድኳት ብሎን ናት።

እኔ ስናደድ የሚግለው ጆሮዬ ነው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ሁለቱም ጆሮዎቼ ጋሉ። ይህቺ ብሎን እዚህ ምን ትሠራለች? ማን አመጣት? አባቴ ሳሎን ተቀምጦ፣ ባትሪው ያለቀውን ራዲዮ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ "አገኘሽው?" ይለኛል። ዓይኑ ማየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። "ቆይ፣ እየፈለግኩ ነው" አልኩት። ድምፄ ደህና እንዲመስል ሞከርኩ፤ እሱ ግን ድምፅ አያመልጠውም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ አለዚያ የምን ንዴት እንደሆነ አይገባሽም።

አባቴ አላሳደገኝም። ከአገር ሲወጣ እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር። እናቴም ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችኝ አያቴ ናት፣ የሱ እናት። ከምርጫው በኋላ ሰፈራችን ሲታመስ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ሲዘጋ፣ የጎረቤት ልጆች ከየደጃፋቸው ሲታፈሱ፣ አያቴ ስልክ ደወለችና "መጥተህ ውሰዳት፣ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ" አለችው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጄኔቫ አየር ማረፊያ ስደርስ በፎቶ ብቻ የማውቀው ሰው አበባ ይዞ ቆሟል። "እንደምን ነዎት?" አልኩት። ፊቱ እንዴት ጭፍግግ እንዳለ ዛሬም አይረሳኝም።

አንድ ዓመት ከምናምን ቶኔ አብረን ኖርን። የትራም ጋራዥ መካኒክ ነበር። ሥራ ውሎ ይመጣል፣ እራት ይቀርባል፣ ሁለታችንም ሳህናችንን እያየን እንበላለን። ወሬ ስናጣ ስለ አየሩ እናወራለን፤ ስለ አየሩ ደግሞ ስንት ይወራል? ፈረንሳይኛው አልገባ አለኝ፣ ትምህርቱም አልሆነልኝም። በመጨረሻ አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ "እኔ ጋ ትምጣ" ብላ ዙሪክ ወሰደችኝ። ላንግሽትራሰ የሚባል መንገድ ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበራት፤ ከሱቁ ፎቅ ላይ ደግሞ ሁለት ክፍል ቤት። ጀርመንኛው የሚገርም ነው፣ ገባኝ። በሃያ ዓመቴ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ሌሬ አገኘሁ፤ ሌሬ የሚሉት እየሠሩ የሚማሩትን የሙያ ትምህርት ነው። ሼፉ፣ አለቃዬ ማለት ነው፣ ሸበቶ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን "አንድ ዓመት አይሻለሁ፣ ከዚያ እንነጋገራለን" አለኝና ሞረድ ሰጠኝ።

ወርክሾፑ ውስጥ፣ ብረት ከምናስርበት ሞርሳ በላይ ግድግዳው ላይ፣ አንዲት አሮጌ ጠብመንጃ ተሰቅላ ነበር። ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዟ የምትጎርስ፣ በርሜሏ ስምንት ማዕዘን የሆነ፣ ሰደፏ በእጅ ብዛት የጠቆረ። አባቴ የምሠራበትን ለማየት ከጄኔቫ የመጣ ቀን ከራባት አስሮ ነበር። ማሽኖቹን አንድ በአንድ አየ፣ የሠራሁትን ብረት በጥፍሩ ዳሰሰ፣ ከዚያ ቀና ሲል ጠብመንጃዋን አያትና ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ። በኋላ እንደነገረኝ፣ ልጅ ሆኖ አያቱ ቤት እንዲህ ያለች ጠብመንጃ ግድግዳ ላይ ነበረች፤ አንድም ቀን እንዲነካት አልተፈቀደለትም። ሼፉ እጁን ኪሱ ውስጥ አይቶ ነው መሰለኝ አወረዳትና ሰጠው። በዚያው የበረዶ ወራት ጠብመንጃዋ የአባቴ ሆነች።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ዙሪክ ይመጣል። ጠብመንጃዋ ወርክሾፑ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለምትቆለፍ ሦስታችን በሼፉ መኪና ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የተኩስ ሜዳ እንወጣለን። እርጥብ ሣር፣ ታች ሸለቆው ላይ የሚንሳፈፍ ጉም፣ የላም ቃጭል። ባሩዱ በትንሽ የነሐስ ስፍር ይለካል። ቀጥሎ ቅባት የነካው ጨርቅ፣ በላዩ ድቡልቡል አረር፣ ከዚያ በእንጨት ዘንግ እስከ ታች መግፋት፣ በመጨረሻ እሳቱን የምትሰጠውን የመዳብ ቆብ መድፋት። አንዷን ለመተኮስ ይህን ሁሉ ማድረግ አለብሽ፤ ስለዚህ ጊዜ ይኖርሻል፤ ጊዜ ሲኖርሽ ደግሞ ታወሪያለሽ። አባቴ አያቴ እንዴት እንደምትቆጣ እያስመሰለ ያወራኛል፣ እኔ አሁንም እንደዚያው እንደሆነች እነግረዋለሁ። አንድ ቀን ሁሉን አጉርሶ፣ ጠቅጥቆ፣ አነጣጥሮ ምላጩን ሲስብ ቀጭ ብቻ አለች። "አባዬ፣ ቆቡን እኮ አላደረግክም" አልኩት። ጠብመንጃዋን አስቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቆቡ አልነበረም ያሳቀው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብዬው ነው።

እዚያ ሜዳ ላይ ነው እንግዲህ አባት ያገኘሁት። ሌላ ቦታ አይደለም። ይህን ያዢልኝ።

በግንቦት ግድም አረሮቹ መበታተን ጀመሩ። አንዱ ግራ፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ጭራሹን ከወረቀቱ ውጭ። አባቴ "በርሜሏ ተበልቷል" አለ። ሼፉ በርሜሉን በመብራት አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ አልተበላም። በመስከረም የአሮጌ ጠብመንጃዎች ውድድር አለ፣ አባቴ ደግሞ ተመዝግቧል። ውድድሩ ላይ እንደ ጥንቱ በብረቱ ማነጣጠሪያ ብቻ ነው የሚተኮሰው።

በሰኔ አያቴ ሞተች። እኔ ግን በሰኔ አልሰማሁም፣ አባቴም አልሰማም። አክስቴ ታውቃለች፣ ላንግሽትራሰ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃል፣ እኛ ሁለታችን ብቻ አናውቅም። "ፈተናዋን ትጨርስ፣ እሱም ዙሪክ ሲመጣ አንድ ላይ ይነገራቸው" ተብሎ ሦስት ሳምንት ተደበቀን። እኔ በነዚያ ሦስት ሳምንታት አዲስ አበባ ስደውል "ተኝታለች"፣ "ቤተክርስቲያን ሄዳለች" ይሉኝ ነበር። ከተቀበረች በኋላ እኮ ነው ቤተክርስቲያን የሄደችልኝ። አንድ እሑድ ጠዋት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሰዎች ቤቱን ሞልተው ስነቃ ሳይነግሩኝ ገባኝ። ለቅሶው ጋብ ሲል አክስቴን ጓዳ አስገብቼ "ሁለተኛ እንዲህ አታድርጊብኝ፣ በሕይወት ያለች መስሎኝ እየሳቅኩ ከርሜያለሁ" አልኳት። "ላንቺ ብለን ነው" አለችኝ። እንዴት እንደምጠላት ይቺን ቃል።

ይህን ያልኩ እኔ ነኝ እንግዲህ። ያንኑ ራሴ ለማድረግ ሁለት ወር አልፈጀብኝም።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ አባቴ አሥር ተኩሶ ሰባቱ ወረቀቱን ሳቱ። አክስቴ እዚያው ዙሪክ እንዳለ፣ ሱቋ አጠገብ ወደሚገኝ የዓይን ሐኪም ወሰደችው። አገጩን ማሽን ላይ አስደግፈው፣ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች እያሳዩት ቆዩና "ውጤቱን በደብዳቤ እንልካለን፣ ጄኔቫ ላለው ሐኪም ይዞት ይሂድ" ተባለ። ደብዳቤው በነሐሴ በአክስቴ አድራሻ መጣ። ከሥራ ስመለስ ከፖስታ ሣጥኑ አወጣሁትና ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። አጭር ነበር። በሁለቱም ዓይኖች ውስጥ ያለው ግፊት ከፍተኛ ነው። የቀኙ ዓይን ነርቭ በእጅጉ ተጎድቷል። የጠፋው እይታ አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ ሕክምናው በቶሎ መጀመር አለበት። አባቴ የሚያነጣጥረው በቀኝ ዓይኑ ነው።

ሱቅ ወርጄ ለአክስቴ ነገርኳት። የምትመዝነውን ሽሮ አስቀመጠች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ክፉ ሴት እንዳትመስልሽ። ወንድሟን ከነፍሷ ትወደዋለች።

"አሁን አይነገረውም" አለች። "የእናቱ አርባ ገና ትናንት ወጣ። ሐዘን ላይ ሐዘን አይጨመርበትም።"

"በቶሎ ነው የሚለው እኮ።"

"በቶሎ ማለት ነገ ማለት አይደለም። ውድድሩ ይለፍለት። በመስቀል ሰሞን ንስሐ አባቱን ይዘን፣ ሰው ሰብሰብ ብለን፣ ጄኔቫ ሄደን በጠዋት እንነግረዋለን። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም።"

እሷ እያወራች ስልኩ ጠራ። አባቴ ነው። "ደብዳቤው መጣ እንዴ?" አለኝ። አክስቴ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላለች። ደብዳቤው እጄ ላይ ነው፤ ስገልጠው የወረቀቱን ድምፅ እንኳ ሰምቶታል። "መጣ" አልኩት። "እስቲ አንብቢልኝ፣ ጀርመንኛውን ተርጉሚልኝ" አለ። እኔም ወረቀቱን እያየሁ አነበብኩለት። "ዓይንዎ ደህና ነው። የዕድሜ ድካም ነው። የሚያሰጋ ነገር የለም ይላል።" "ተመስገን" አለ አባቴ። "በይ ቅዳሜ እንገናኝ፤ እንግዲያው ጠብመንጃዋ ናት ማለት ነው።"

እንዲህ አድርጌ ነው ያነበብኩለት። ማንም በግድ አፌን አልከፈተውም።

አሁን ደግሞ የሼፉን ነገር ስሚ። አባቴ "በርሜሏ ነው" ሲል፣ ሼፉ "አይደለም" ሲል ነሐሴ አለቀ። ሼፉ ክርክር የማይወድ ሰው ነው፤ አንድ ቀን "እንለካው" አለ። ጠብመንጃዋ ላይ ለአንድ ቀን ብቻ ቴሌስኮፕ ይገጠምላት፤ የሚያጎላ የማነጣጠሪያ መነጽር ማለቱ ነው። አባቴ በዚያ እያየ፣ በርሜሏን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ አሥር ይተኩስ። አረሮቹ አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ጠብመንጃዋ ደህና ናት፣ ያስቸገረው የብረቱን ማነጣጠሪያ ማየቱ ነው። ከተበታተኑ ግን ጥፋቱ የሷ ነው። ከዚያ መነጽሩ ይወርዳል፣ እሷም ወደ ጥንቷ ትመለሳለች። አባቴ ደስ አለው። ሼፉ ወደኔ ዞሮ "የመነጽሩን ማሰሪያ አንቺ ትሠሪዋለሽ፣ ብቻሽን" አለኝ። ከአንድ ዓመቴ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

በሕይወቴ እንደዚያች ማሰሪያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም። አሮጌዋ እንዳትጎዳ በርሜሏን መብሳት አይቻልም። የኋላውን ማነጣጠሪያ በነሐስ ቁራጭና በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልኩ መትቼ ከማረፊያው አወጣሁት፤ በሱ ቦታ የማሰሪያው እግር እንዲገባ አድርጌ ብረቱን ሞረድኩ። ከፊት ደግሞ በርሜሉን የሚያቅፍ ቀለበት፣ ውስጡ እንዳይጭራት ቆዳ የለበሰ፣ በሁለት የነሐስ ብሎን የሚጠብቅ። ብሎኖቹንም ራሴ ቶርኖ ማሽን ላይ ቆረጥኳቸው። ሼፉ በጣቱ ነካክቶ "ጉት" አለ፤ ጥሩ ማለቱ ነው። ከሱ አፍ ጉት ማለት ትልቅ ነገር ነው።

ሐሙስ እራት ላይ ለአክስቴ በኩራት አወራሁላት። ማኘኳን አቆመች። "እንግዲህ በመነጽሩ ከመታ ዓይኑ መሆኑን እዚያው ያውቃል" አለች።

አላሰብኩትም ነበር ብልሽ ታምኛለሽ? ሥራው አሳብዶኝ አላሰብኩትም።

"ፈረንጁ ፊት፣ ሜዳ ላይ፣ ዘመድ በሌለበት" አለች አክስቴ። "እንደዚህ ነው የሚረዳው? አንቺ አይደለሽ የሠራሽው? አንድ ነገር አድርጊ እንጂ።"

አንድ ነገር አድርጊ። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ብሎን ምን እንደሆነም አታውቅም። ስለዚህ እሷ ላይ የማላክከው ነገር የለም። ቅዳሜ ጠዋት መነጽሩን ስገጥም አንደኛዋን ብሎን በብሩጎላ ቁልፍ እስክትጮህ አጠበቅኳት። ሁለተኛዋን በጣቴ ብቻ አዙሬ ተውኳት። ላያት ሰው ምንም አትልም።

ጠዋቱ ጥርት ያለ ነበር። አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳረፈ፣ በመነጽሩ አየና "ወይ ጉድ፣ ወረቀቱ እዚህ አፍንጫዬ ሥር መጣ" አለ። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። የመጀመሪያውን ተኮሰ፤ ነጩ ጭስ ሸፈነን፣ ያ ሽታ መጣ፣ ጭሱ ሲገፈፍ እንደገና አጎረሰ። ሁለት። ሦስት። ከሦስተኛው በኋላ በመነጽሩ ብዙ ሲያይ ቆየ። አራት፣ አምስት። ስምንተኛው ላይ አግዳሚውን በእጁ ደበስ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ የመዳብ ቆብ የሚፈልግ መስሎኝ ነበር። አሥሩን ጨረሰ። ሼፉ ሄዶ ወረቀቱን አመጣ። ቀዳዳዎቹ ዘር እንደተበተነ ነበር የሆኑት።

ሼፉ ግንባሩን ቋጠረ። "እስቲ ማሰሪያውን ልየው" ብሎ እጁን ሲዘረጋ አባቴ ቀደመው። "እኔ እፈታዋለሁ" አለና ጀርባውን ሰጥቶን በፍጥነት መነጽሩን አወረደ። ከዚያ በዚያች በምትንተባተብ የጋራ ፈረንሳይኛቸው "የልጄ ሥራ እንከን የለውም። ጠብመንጃዋ ናት፣ አርጅታለች፣ በቃት" አለው። ሼፉ እንደገና እንሞክር አለ፤ አባቴ አሻፈረኝ አለ። ውድድሩንም ተወ። ጠብመንጃዋን ለሼፉ መለሰለት፣ እሱም ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀላት። ባቡር ጣቢያ ስንለያይ አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ግሩም ማሰሪያ ነበር" አለኝ። እኔ ተንፈስ አልኩ። አስቢው፣ ተንፈስ አልኩ።

መስቀል መጣ፤ ንስሐ አባቱ አገር ቤት ሄደዋል ተባለ። ኅዳር መጣ፤ ክርስትና አለ፣ በደስታ መሃል አይነገርም። ገና መጣ፤ በዓል ነው። እኔ በየሳምንቱ "እንንገረው" እላለሁ፣ አክስቴ "ቀስ ብለን" ትላለች፤ እኔም በልቤ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የምነግረው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱም ቀረ። ምን ሊያደርግ ይመጣል? ስልክ ይደውላል፣ ስለ አየሩ እናወራለን።

በጥር ጄኔቫ ውስጥ ኦ ቪቭ ሰፈር ከትራም ሲወርድ ደረጃውን ስቶ ወደቀና እጁ ተሰበረ። ጄኔቫ ሆስፒታል ደርሼ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ዓይኑን ያየችው ሐኪም "ለምን እስካሁን ዝም አልክ?" አለችው። "ዝም አላልኩም ዶክተር፣ ዙሪክ ታይቼ ደህና ነው ብለውኝ ነበር" አላት አባቴ። ሐኪሟ ደነገጠች። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ አንድ ክንድ እንኳ አንራራቅም። አንድ ቃል አልወጣኝም። የቀኙ በዚያው ጠፋ። ግራውን በጠብታም በቀዶ ጥገናም ጥቂት ዓመት አቆዩት፣ ከዚያ እሱም ሄደ። በነሐሴ ቢጀመር ምን ያህል ይተርፍ እንደነበር ጠይቄ አላውቅም። ደፍሬ አልጠይቅም።

ከአክስቴ ጋር ዛሬ ሰላምታ ብቻ ነው። ሌሬዬን ጨርሼ ወደ ጄኔቫ ተመለስኩ፣ ኦ ቪቭ ቤት ተከራየሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቶኔ እሄዳለሁ። አሁን የምመጣው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ያቺ ብሎን ናት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያገኘኋት። ተነስቼ ሳሎን ገባሁና መዳፉን ይዤ አስቀመጥኩለት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት። ንዴቴን አልደበቅኩም።

በአውራ ጣቱ ጥርሶቿን ዳሰሰ፣ ጭንቅላቷን ዳሰሰ፣ ፈገግ አለ። "ያንቺ ብሎን ናታ።"

"እንዴት አንተ ጋ መጣች?"

"ስምንተኛው ላይ ተፈትታ አግዳሚው ላይ ወደቀች። ድምጿን ሰማሁና ደበቅኳት።" ብሎኗን በመዳፉ ጨበጣት። "የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እኮ አንድ ቀዳዳ ነበሩ። በመነጽሩ አየኋቸው። ከዚያ መሳት ሲጀምር ማሰሪያው እንደላላ ገባኝ። ስንት ዓመት መካኒክ ነኝ። ማጥበቅ ረስተሽ ነው። ሼፍሽ ቢያያት፣ ዓመትሽ ሊሞላ ቀናት ሲቀሩት፣ ያሰናብትሻል ብዬ ፈራሁ። ልጄ በሰው ፊት ከምታፍር ጠብመንጃዋ ትቅርብኝ።"

"እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነዋ። ላንቺ ብዬ።"

ጆሮዬ እንዴት እንደጋለ አትጠይቂኝ። ያቺን ቃል ከሱ አፍ መስማት አቃጠለኝ። "ስለዚህ ጠብመንጃዋ ደህና መሆኗን አውቀሃል። ዓይንህ መሆኑን አውቀሃል" ብዬ ጮህኩበት። "ታዲያ ለምን ሐኪም ጋ አልሄድክም?"

"ሄጄ የለ?" አለ፤ ጩኸቴ ግራ ገብቶት። "ደህና ነው፣ የዕድሜ ድካም ነው ብለውኝ የለ? አንቺው አይደለሽ ያነበብሽልኝ።"

ነገር ሊያነሳብኝ አልነበረም። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን ንዴቴ ሁሉ ከላዬ ላይ ወረደ።

"አባዬ፣ አልረሳሁትም" አልኩት። "ብሎኗን ሆን ብዬ ነው በጣት የተውኳት። ዓይንህ መሆኑን እንዳታውቅ ብዬ ነው። ደብዳቤውም ደህና ነው አይልም ነበር።"

 ራዲዮው ባትሪ የለው፣ ከላይ ፎቅ የሰው ልብስ ማጠቢያ ሲሽከረከር ይሰማል። ብሎኗን በጣቶቹ መሃል ያዞራታል።

"ምን ይል ነበር?" አለኝ በመጨረሻ።

"ኦ ቪቭ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ።"

"እንደተጻፈው ንገሪኝ።"

መጀመሪያ በጀርመንኛው አልኩለት፣ ከዚያ በአማርኛ፣ ምንም ሳልቀንስ። ግፊቱን፣ ነርቩን፣ የጠፋው እንደማይመለስ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ እጁን አነሳ።

"በቶሎ ነው የሚለው?"

"በቶሎ ነው የሚለው።"

እንዲቆጣኝ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ፈለግኩት። እንዲሰድበኝ፣ ራዲዮውን እንዲወረውርብኝ፣ ከቤቴ ውጪ እንዲለኝ። "ተናገረኝ እንጂ" አልኩት።

"ስታነቢው ማን ነበር አብሮሽ?" አለ።

"ማንም። ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ለብቻ የሚሰማ ነገር አይደለም" አለ። ከዚያ ራዲዮውን ከጭኑ አውርዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ ሶፋው ላይ ፈቀቅ አለና አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገልኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው እንደሚቀመጠው፣ ሁለታችንም ትከሻ ለትከሻ ብዙ ቆየን።